ወገብና ራዲየስ፦ ሰፊ ስኪ እንዴት ነው የሚዞረው? (ጅማ ላይ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ! አካም ጅርቱ! የተከበራችሁ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ሥራችሁን ዘግታችሁ ከእንጨት ሥራ ቤት የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ እባካችሁ ጠጋ በሉ፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የማሳያችሁ ነገር ከሩቅ አይታይም።

ማስታወቂያው ሲለጠፍ የሳቁ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። «ጅማ ላይ ስለ በረዶ ሸርተቴ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» ብላችኋል አሉ። እውነታችሁን ነው፤ ጅማ ላይ ስኪ፣ ያ እግር ላይ ታስሮ በረዶ ላይ የሚያንሸራትተው ረጅም ጣውላ፣ የሚነዳበት ተራራ የለም። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፦ እዚህ ከተቀመጣችሁት ተማሪዎች ውስጥ ነገ ለትምህርት ኖርዌይ፣ ኦስትሪያ፣ ካናዳ የምትሄዱ የላችሁም? አላችሁ። በመጀመሪያው የበረዶ ወራት ጓደኛ ጎትቶ የስኪ ኪራይ ቤት ያስገባችኋል፤ ኪራይ ቤቱ ደግሞ ከመደርደሪያው የተረፈውን ያስጨብጣችኋል። ዕድለኛ ካልሆናችሁ የምትጨብጡት ሰፊ ስኪ ነው። ሌላው ምክንያቴ ደግሞ የስኪ ውስጡ እንጨት መሆኑ ነው፤ ፖፕላር፣ አሽ፣ ቢች፣ ፓውሎኒያ የሚባሉ ዛፎች፣ እየተጣበቀ፣ እየሳሳ፣ እየታጠፈ። ከአንድ የዋንዛ ግንድ ሦስት እግር በርጩማ ፈልፍሎ የሚያወጣ ከተማ ስለ እንጨት ቅርጽና ጉብጠት ከማንም በላይ ይገባዋል።

«በረዶና ኢትዮጵያዊ አይተዋወቁም» የሚል ካለ ደግሞ ሮቤል ተክለማርያምን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመልሷል። የሱ ግን የአገር አቋራጭ ስኪ ነው፤ ቀጭን፣ ጎኑ ቀጥ ሊል ምንም ያልቀረው፣ ወደፊት ለመሄድ የተሠራ። እኛ ዛሬ የምናወራው ቁልቁል ስለሚወርደውና ለመዞር ስለተሠራው ነው።

አራት ነገር አነሳለሁ። ስኪው ላይ የተጻፈው የመዞሪያ ራዲየስ ምን እንደሆነ፣ ስፋት ሲጨመርበት ምን እንደሚፈጠር፣ በረዶው ሲለሰልስ ያ ቁጥር ምን እንደሚሆን፣ በመጨረሻም ስኪው ሲያስቸግር ምኑ ጋ እንደሚታይ። ሁለተኛው ላይ ረዘም እላለሁ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነውና ታገሡኝ።

እሺ፣ የመጀመሪያው።

ስኪን ከላይ ስታዩት ፊቱ ሰፊ ነው፣ መሐሉ ይጠባል፣ ኋላው እንደገና ይሰፋል። ፊቱን አፍንጫ፣ መሐሉን ወገብ፣ ኋላውን ጭራ እያልን እንሂድ። ሦስቱ ስፋቶች በሚሊ ሜትር ስኪው ላይ ተጽፈው ታገኟቸዋላችሁ፤ ለምሳሌ 138፣ 110፣ 128። እዚያው አጠገብ ወይም ጭራው ላይ «አር» ከሚለው ፊደል ጋር ሌላ ቁጥር አለ፤ 12፣ 18፣ 24 ሊሆን ይችላል። እሱ በሜትር ነው። የስኪው ጎን ወደ ውስጥ ሰርጎድ ብሏል አይደል? ያ ስርጉድ የአንድ ትልቅ ክብ ቁራጭ ነው። ክቡን ብትጨርሱት ራዲየሱ 18 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የመዞሪያ ራዲየስ የሚባለው ይኸው ነው።

የተጻፈውን ማመን ግዴታ አይደለም፤ በሲባጎ ይለካል። ስኪውን በጀርባው አጋድሙ። በአንድ ጎን የአፍንጫውን ሰፊ ቦታና የጭራውን ሰፊ ቦታ በሲባጎ አገናኙ፤ ሲባጎው ክርር ይበል። አሁን ወገቡ ላይ በሲባጎውና በጠርዙ መካከል ያለውን ክፍተት በሚሊ ሜትር ለኩ። ይህ የስርጉዱ ጥልቀት ነው። የሲባጎውን ርዝመት በራሱ አባዙት፣ ለስርጉዱ ጥልቀት ስምንት እጥፍ አካፍሉት። አለቀ።

በቁጥር እንየው። ያ 138፣ 110፣ 128 ያልነው ስኪ ሲባጎው 1 ሜትር ከ50 ነው እንበል። የስርጉዱን ጥልቀት ከሦስቱ ስፋቶችም ማውጣት ይቻላል፦ አፍንጫና ጭራ ሲደመሩ 266፤ የወገቡ እጥፍ 220፤ ልዩነቱ 46፤ ለአራት ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር። 1.5 በ1.5 ሲባዛ 2.25፤ ለ0.092፣ ማለትም ለስርጉዱ ስምንት እጥፍ በሜትር፣ ሲካፈል 24.5 ሜትር ይመጣል። አያችሁ፣ ያን ሁሉ ዙር የሚወስነው አንድ ሳንቲ ሜትር ከምናምን ነው! ስትለኩ አንድ ሚሊ ሜትር ብትሳሳቱ ውጤቱ በሁለት ሜትር ይዛባል። ስለዚህ ሲባጎው እንዳይረግብ አደራ፤ ማስመሪያውም የሚሊ ሜትር መስመሩ ያልጠፋ ይሁን።

አሁን ወደ ጠረጴዛው። ይህ 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ነው፤ ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለቱ ጫፎቹ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ወገቡ 7። ጎኑን ለመሳል ወለሉ ላይ ምስማር ተመትቶ፣ 3 ሜትር ሲባጎ ታስሮ፣ በሲባጎው ጫፍ እርሳስ ነው የተሳበው። ከዚያ ተቆረጠ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተሞረደ። ስለዚህ የዚህ ስኪ ራዲየስ 3 ሜትር ነው። ጠርዙን ጠመኔ እቀባዋለሁ። አሁን በጎኑ አጋድሜ አቆመዋለሁ፤ ጠረጴዛውን የነካው ምኑ ነው? አፍንጫውና ጭራው ብቻ። ወገቡ አየር ላይ ነው። ብርሃን ያሳልፋል፣ ታዩታላችሁ? አሁን ወገቡን በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ። እንጨቱ ጎበጠ፣ ወገቡ ጠረጴዛውን ነካ። ሳነሳው ይኸው፣ ጠመኔው ጠረጴዛው ላይ የቀስት መስመር ጥሏል።

ዋናው ምስጢር እዚህ ጋ ነው። በ45 ዲግሪ አጋድሜ ስጫን የቀስቱ ራዲየስ 2.1 ሜትር ነው። በ60 ዲግሪ ሳጋድለው 1.5 ሜትር፤ ግማሽ ሆነ! ሕጉ ቀላል ነው፦ የተጻፈው ራዲየስ በማጋደያው ማዕዘን ኮሳይን ይባዛል። 18 ሜትር የተባለ ስኪ በ30 ዲግሪ 15.6፣ በ45 ዲግሪ 12.7፣ በ60 ዲግሪ 9 ሜትር ይዞራል። ስለዚህ ስኪው ላይ የተጻፈው ቁጥር ስኪው የሚዞርበት ሳይሆን፣ ምንም ሳይጋደል የሚነሳበት ጣሪያ ነው። በጠንካራ በረዶ ላይ ጠርዙ ሳይንሸራተት ከሄደ ሁልጊዜ ከዚያ ያነሰ ይዞራል።

ወገቡን ጠባብ ማድረግ የቆየ ብልሃት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖርዌይ ቴሌማርክ ሰው ሶንድሬ ኑርሃይም ወገቡ ገባ ያለ ስኪ ይሠራ እንደነበር ይነገርለታል። ከዚያ በኋላ ግን ስኪ ለረጅም ዘመን ቀጥ ያለ ጣውላ መስሎ ነው የቀረው፤ እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ ስኪ ቁመቱ ከ2 ሜትር ያልፋል፣ ራዲየሱ ከ40 ሜትር በላይ ነው። የስሎቬኒያው ስኪ ፋብሪካ ኤላን እ.ኤ.አ. በ1993 ስርጉዱን በጣም አጥልቆ ሲያወጣ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ።

ራዲየስ ቀልድ እንዳልሆነ ማወቅ የፈለገ የውድድሩን ሕግ ይመልከት። ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012/13 የውድድር ዘመን የወንዶችን ጃይንት ስላሎም (በተተከሉ በሮች መካከል እየተጠማዘዙ የሚወርዱበት ውድድር) ዝቅተኛ ራዲየስ ከ27 ወደ 35 ሜትር ከፍ አደረገው፤ ጉዳት ለመቀነስ በሚል። ተወዳዳሪዎቹ ጮኹ። አብዝቶ ከጮኹት አንዱ አሜሪካዊው ቴድ ሊጌቲ ነበር። በአዲሱ ስኪ የመጀመሪያው ውድድር ኦስትሪያ ሶልደን ላይ ሲደረግ ማን አሸነፈ? ራሱ ሊጌቲ! ያውም በ2.75 ሰከንድ ልዩነት፤ የሰከንድ መቶኛ በሚቆጠርበት ስፖርት። ለምን? ሌሎቹ ዙሩን ሲጀምሩ ስኪውን አንሸራትተው ሲያስገቡት፣ እሱ ከዙሩ መጀመሪያ አንስቶ አብዝቶ ያጋድል ነበር፤ ኮሳይኑን ይጠቀምበት ነበር ማለት ነው። በ2017/18 ቁጥሩ ወደ 30 ሜትር ዝቅ ተደረገ።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ስፋት። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ሰፊ ስንል ምን ያህል ነው? በተዳመጠ በረዶ ላይ በጠርዝ ለመዞር የተሠራ ስኪ ወገቡ ከ65 እስከ 75 ሚሊ ሜትር ነው። ከ95 ሲያልፍ ሰፊ እንለዋለን። ከ110 በላይ ያለው ለጥልቅ በረዶ ብቻ የታሰበ ነው።

የስኪ ጫማ ሶል ደግሞ ፊቱ ላይ 69 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። ወገቡ 70 ከሆነ ጠርዙ ልክ ከጫማችሁ ሥር ነው። ወገቡ 110 ከሆነ ጠርዙ ከጫማው ውጭ 20 ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ ነው ያለው። 20 ሚሊ ሜትር ምን አላት ትሉ ይሆናል። እናስላው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ45 ዲግሪ ተጋድሎ ሲዞር በረዶውን የሚረግጥበት ኃይል 1,040 ኒውተን ገደማ ነው። ሙሉ በሙሉ ውጪኛው ስኪ ላይ ቆሟል እንበል። ኃይሉ ከጫማው መሐል በ35 ሚሊ ሜትር ርቀት ሲሠራ 36 ኒውተን ሜትር ያጣምማል፤ በ55 ሚሊ ሜትር ሲሠራ 57። ይህ ጠምዛዥ ኃይል ምን ሊያደርግ ይፈልጋል? ስኪውን ጠፍጣፋ አድርጎ መልሶ ሊያስተኛው። ማን ይቃወመዋል? ቁርጭምጭሚታችሁና ጉልበታችሁ። ሰፊ ስኪ ጠንካራ በረዶ ላይ ሲውል ማታ ጉልበት የሚያመው በዚህ ነው። ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው መሸጋገሩም የሚዘገየው በዚሁ ነው።

አሁን ስፋቱን ከራዲየሱ ጋር እናጋባቸው።

ስትዞሩ ሰውነታችሁ ወደ ዙሩ ውስጥ ያጋድላል፤ ካልተጋደለ ወደ ውጭ ትወድቃላችሁ። ምን ያህል? ፍጥነቱና ራዲየሱ ይወስኑታል። በጠርዝ ብቻ፣ ሳይንሸራተት፣ በሰከንድ 8 ሜትር እንሂድ፤ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፍጥነቱን ካሬ ወስዳችሁ፣ የመሬት ስበት ቁጥር 9.81 በስኪው ራዲየስ ተባዝቶ ለሚመጣው ብታካፍሉት የማጋደያው ማዕዘን ሳይን ይወጣል። 12 ሜትር ስኪ፦ 33 ዲግሪ። 18 ሜትር፦ 21 ዲግሪ። 25 ሜትር፦ 15 ዲግሪ። ምን ማለት ነው? ራዲየሱ ባጠረ ቁጥር፣ በዚያው ፍጥነት፣ ስኪው አብዝታችሁ እንድታጋድሉ ያስገድዳችኋል። ሰፊ ስኪ ደግሞ ማጋደል ምን ያደርገዋል አልን? ይከብደዋል! አያችሁ ጸቡን? አጭር ራዲየስ «አጋድል» ይላል፣ ሰፊ ወገብ «አልጋደልም» ይላል። ሁለቱን አንድ ስኪ ላይ ስትሰበስቡ ጠንካራ በረዶ ላይ የሚዳኛችሁ ጉልበታችሁ ብቻ ነው።

«እንግዲያው ረጅም ራዲየስ እንያዝ» ትሉኛላችሁ። ቆይ! በዚያው ፍጥነት፣ 25 ሜትር በሆነ ስኪ፣ 10 ሜትር ዙር መዞር ፈለጋችሁ እንበል፤ ዛፍ አለ፣ ሰው አለ፣ መንገዱ ጠባብ ነው። ስኪው በጠርዙ 10 ሜትር እንዲዞር በኮሳይኑ ሕግ 66 ዲግሪ መጋደል አለበት። ሚዛናችሁን ሳትስቱ ሰውነታችሁ ሊጋደል የሚችለው ግን 33 ዲግሪ ያህል ነው። ዳሌና ጉልበት ሰበር በማድረግ ስኪውን ከሰውነታችሁ በላይ 10 ወይም 20 ዲግሪ ታክሉበታላችሁ፤ 66 ግን አትደርሱም። ስለዚህ ምን ታደርጋላችሁ? ታንሸራትታላችሁ። ሌላ መንገድ የለም። ባጃጅ በጠባብ መንገድ አንዴ ተጠማዛ ስትመለስ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ወደፊት ወደኋላ ይላል አይደል? ያው ነው።

እኔ እንግዲህ የምለው ይህን ነው፤ ልድገመው። ሰፊ ስኪ አጭር ዙር የሚዞረው በማንሸራተት ነው። ጠርዝ ላይ ቆሞ የሚዞረው ረጅም ዙር ነው። ስለዚህ ሰፊ ስኪ ሲመረጥ «ራዲየሱ ስንት ነው፣ በጠርዝ ምን ያህል አጥብቆ ይዞራል?» ከሚለው በፊት «ስንሸራተትበት ይለቀኛል ወይ?» የሚለው መጠየቅ አለበት። አጭር ራዲየስ ያለው ስኪ አፍንጫውና ጭራው ሰፋፊ ናቸው፤ ወደ ጎን ስታንሸራትቱት ሁለቱ ጫፎች በረዶውን ይነክሳሉ፣ አልለቅም ይላሉ። ረጅም ራዲየስ ያለው ጎኑ ቀጥ ስለሚል ጠርዙ በሙሉ እኩል ይንሸራተታል፣ ሲፈለግም እኩል ይይዛል።

ብዙ ሰው ሰፊ ስኪ ረጅም ራዲየስ የሚይዘው ፋብሪካው ስለፈለገ ይመስለዋል። ጂኦሜትሪውም ግድ ይላል። 122፣ 70፣ 105 የሆነ ጠባብ ስኪ ውሰዱ፤ ሲባጎው 1 ሜትር ከ45። ስርጉዱ 21.75 ሚሊ ሜትር፣ ራዲየሱ 12 ሜትር። አሁን ወገቡን 110 አድርጉና ራዲየሱ 12 ይቆይ በሉ። አፍንጫው 162፣ ጭራው 145 መሆን አለበት! ይህ ስኪ ነው ወይስ መቅዘፊያ? አፍንጫው ላይ የተከመረው ክብደት ስኪውን ለማዞር ስትሞክሩ እግራችሁን ይጎትተዋል። በ145፣ 110፣ 135 ብትወሰኑ፣ በዚያው ሲባጎ፣ 17.5 ሜትር ታገኛላችሁ። ብዙ ሰፊ ስኪ 17 እና 20 ሜትር መካከል ቢገኝ አትደነቁ።

ርዝመትም ይገባበታል። አንድ ሞዴል፣ አንድ ዓይነት ስፋት፣ ግን አንዱ ሲባጎው 1 ሜትር ከ42፣ ሌላው 1 ሜትር ከ52 ቢሆን፣ በ15 ሚሊ ሜትር ስርጉድ የመጀመሪያው 16.8 ሜትር፣ ሁለተኛው 19.3 ሜትር ይሆናል። የጓደኛችሁን ስኪ ሞክራችሁ ወዳችሁት ረዘም ያለውን ስትገዙ «ይሄ ያ አይደለም» የምትሉት ለዚህ ነው። ካታሎግ ላይ የሚጻፈው ራዲየስ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ርዝመት ብቻ ነው፤ የየትኛው እንደሆነ እዩ።

ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ለስላሳው በረዶ እንሻገር።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚሠራው ጠርዙ የሚቆምበት ጠንካራ ነገር ካለ ነው፤ እንደዚህ ጠረጴዛ። ዱቄት የመሰለ ጥልቅ በረዶ ላይ ጠርዙ ምን ላይ ይቆማል? ምንም ላይ። የሚሸከማችሁ ሆዱ ነው፣ የስኪው ታችኛው ገጽ በሙሉ። ያ ጠባብ ስኪ በ165 ሳንቲ ሜትር ቁመቱ 1,400 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆድ አለው፤ ባለ 110 ወገቡ በ180 ሳንቲ ሜትር 2,100 ገደማ። በግማሽ ይበልጣል። ሰፊ ስኪ የተፈጠረው ለዚህ እንጂ ለሌላ አይደለም።

ታዲያ እዚያ ውስጥ ምን ያዞረዋል? ጉብጠቱ። ሰውየው መሐሉን ሲጫን አፍንጫውና ጭራው ቀና ይላሉ፣ ስኪው ቀስት ይሆናል፣ ቀስቱን ተከትሎ ይዞራል። ስኪው ምን ያህል ይለመጣል፣ አፍንጫው ከመጀመሪያው ምን ያህል ወደ ላይ የተቀለበሰ ነው፤ ባለሙያዎቹ ይህን መቀልበስ ሮከር ይሉታል፤ የተጻፈው ራዲየስ ከነዚህ ኋላ ነው የሚመጣው። ባለ 25 ሜትር ስኪ ለስላሳና ሮከር ያለው ከሆነ ጥልቅ በረዶ ላይ አልለመጥ ከሚል ባለ 18 ሜትር ስኪ ይልቅ በቀላሉ ሊዞር ይችላል።

ስርጉዱ ግን ጨርሶ ዝም አይልም። አፍንጫው በጣም ሰፊ፣ ወገቡ ጠባብ ከሆነ አፍንጫው ይንሳፈፋል፣ ወገቡ ይሰምጣል፣ ስኪው ሳታዙት ይጎብጣል። ዱቄት በረዶ ላይ ይህ ደስ ሊል ይችላል። ላዩ ቅርፊት ያበጀ በረዶ ላይ ግን ጉድ ያፈላል፦ አፍንጫው ቅርፊቱ ሥር ይገባል፣ ሰፊው ትከሻው ይያዛል፣ ስኪው ወደ ውስጥ ይጠመዘዛል፣ አንድ እግር ወደዚያ ሌላው ወደዚህ። ጉልበት እዚህ ጋ ነው የሚበጠሰው። ለእንዲህ ዓይነቱ በረዶ መድኃኒቱ ረዘም ያለ ራዲየስ ወይም የአፍንጫው ሰፊ ቦታ ወደ መሐል ቀረብ ብሎ ጫፉ የሾለ ስኪ ነው።

ይህን ሐሳብ እስከ ጥግ የወሰደው ሼን ማኮንኪ የሚባል አሜሪካ ያደገ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቮላንት ከሚባለው ፋብሪካ ጋር ስፓቹላ የሚል ስም የተሰጠው ስኪ አወጡ፤ ወገቡ ከአፍንጫውና ከጭራው የሰፋ፣ ጫፎቹም ሽቅብ የተቀለበሱ። ስርጉድ የሚባል የለውም፤ ተገልብጧል። ጠንካራ በረዶ ላይ አይይዝም፣ ጥልቅ በረዶ ላይ ግን እንደልብ ይንሸራተታል። ዛሬ ሰፊ ስኪ ሁሉ አፍንጫው ላይ ያለው ቀለበስ ከዚያ የተወረሰ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሮከር ሲነሳ አንድ ማስጠንቀቂያ። ስኪው 180 ሳንቲ ሜትር ሆኖ አፍንጫውና ጭራው ከተቀለበሱ ጠንካራ በረዶ ላይ ጠፍጣፋ ሲሆን የሚነካው ምናልባት 110 ወይም 120 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የተጻፈው ራዲየስ አልተለወጠም፤ የሚይዘው ጠርዝ ግን አጠረ። ሲጋደል ነው ቀሪው ጠርዝ ቀስ በቀስ የሚገባው።

አራተኛው፣ የችግሩ ነገር። አንድ ሰው መጥቶ «ስኪዬ ይነክሳል፣ አልለቅ ይላል» ካለ ሁሌም ራዲየሱን አትውቀሱ። በዚህ ቅደም ተከተል እዩ።

መጀመሪያ ሆዱን። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በስኪው ሆድ ላይ አግድም አቁማችሁ ከኋላው መብራት አብሩ። መሐሉ ላይ ብርሃን ካለፈ የብረት ጠርዞቹ ከሆዱ ፕላስቲክ ከፍ ብለዋል ማለት ነው፤ ያ ስኪ እንደ ሐዲድ ይሄዳል፣ አይንሸራተትም። ብርሃኑ በሁለቱ ጠርዞች በኩል ካለፈ ደግሞ መሐሉ ከፍ ብሏል፤ ይዋልላል። ሰፊ ሆድ ለዚህ ችግር ከጠባቡ ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ አዲስ ከካርቶን የወጣም ቢሆን ይታይ። መፍትሔው በድንጋይ ማሽን ማስተካከል ነው፤ በእጅ ሞረድ የሚሆን አይደለም።

ቀጥሎ የጠርዙን ማዕዘን። በሆዱ በኩል 1 ዲግሪ፣ በጎኑ 2 ዲግሪ ለሰፊ ስኪ የሚስማማ ነው። በሆዱ በኩል ዜሮ ከሆነ ገና ሳይጋደል መንከስ ይጀምራል። ከተሞረደ በኋላ ጠርዙ ላይ የቀረ የብረት ስንጥር ካለ ጥፍራችሁን ብታስኬዱበት ይነግራችኋል፤ በላስቲክ ድንጋይ ይጥረጉት። ከዚያም አፍንጫው በረዶውን ከሚነካበት ቦታ ወደ ፊት ያለውን 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ጠርዝ፣ ጭራውንም በትንሹ፣ በዚያው ድንጋይ አደንዝዙት። ሮከር ያለው ስኪ ከዚህ የሚያጣው ነገር የለም።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ጫማውን ስኪው ላይ የሚይዘው ማሰሪያ የት ተበስቶ እንደተገጠመ እዩ። ፋብሪካው ስኪው ላይ መስመር አስምሯል። ማሰሪያው ከመስመሩ ወደ ፊት ከሄደ ክብደት አፍንጫው ላይ ይወድቃል፤ ስኪው ቶሎ ይዞራል፣ ግን ይነክሳል፣ ጥልቅ በረዶ ውስጥም አፍንጫው ይሰምጣል። ወደ ኋላ አንድ ሳንቲ ሜትር ወይም ሁለት ስትመልሱት ይረጋጋል፤ አዙሩኝ እያለ ግን ጉልበት ይጠይቃል። ስኪ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲበሳ እንጨቱ ስለሚደክም ሳትበሱ በፊት አስቡ፤ እንጨት ሠሪዎቹ ይህን ለእኔ ልታስረዱኝ ትችላላችሁ። ጫማው ሲወልቅ ስኪውን የሚያቆመው የማሰሪያው ፍሬንም ከወገቡ አይጥበብ፤ ከ15 ሚሊ ሜትር በላይም አይስፋ፣ ሲጋደል በረዶውን ይጎትታልና።

ጥያቄ? ከመሐል እጇን ያወጣችው እህቴ፣ እሺ።

«ኪራይ ቤት ስንገባ ታዲያ ምን ብለን እንጠይቅ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ጀማሪ ከሆንሽ ሰፊ አትያዢ፤ ወገቡ ከ75 እስከ 85፣ ራዲየሱ ከ12 እስከ 15። በተዳመጠው መንገድም ከመንገድ ወጣ ብዬም እሄዳለሁ የሚል፣ የለመደ ሰው፣ ወገብ 95 እስከ 105፣ ራዲየስ 17 እስከ 20። ቀኑን ሙሉ ጥልቅ በረዶ ውስጥ ለሚውል ከ108 በላይ፣ ራዲየሱም 19 እስከ 25። ወገቡ 110 ሆኖ ራዲየሱ 14 የሚል ስኪ ከሰጡሽ ግን መልሺላቸው።

«ከሌለስ?» አልሽ? ከሌለ አጠር ያለውን ርዝመት ውሰጂ፣ አፍንጫና ጭራውን እንዲያደነዝዙልሽ ጠይቂ፤ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ ኮምፔንሳቶውን ልትሞክረው ነው መሰለኝ የመጣኸው። ና፣ ጠመኔው እዚያው አለ። ሁለተኛው ጣውላ ወገቡ 8.5 ነው፤ ጫፎቹ ያው 10። በ60 ዲግሪ ተጭነህ ቀስቱን ለካና ስንት እንደሆነ ለሁላችንም ንገረን።